የጎጎል «አፍንጫው» ሕልም አይደለም

ሩሲያዊው ደራሲ ኒኮላይ ጎጎል እ.ኤ.አ. በ1836 በፑሽኪን መጽሔት በ«ሶቭሬሜኒክ» ያሳተመው አጭር ልቦለድ «አፍንጫው» ገና ሲጀምር ግራ ያጋባል። ማርች 25 ማለዳ ፒተርስበርግ ውስጥ አንድ ፀጉር አስተካካይ ትኩስ ዳቦ ሲቆርስ ከውስጡ የሰው አፍንጫ ይወጣል። ደንበኛው ኮቫልዮቭ ደግሞ ከእንቅልፉ ነቅቶ መስታወት ሲያይ የአፍንጫው ቦታ ልሙጥ ሆኗል። ብዙም ሳይቆይ ያው አፍንጫ በወርቅ የተጠለፈ ዩኒፎርም ለብሶ፣ ሰይፍ ታጥቆ ከሠረገላ ሲወርድ ያየዋል። አፕሪል 7 ቀን አፍንጫው እንደጠፋ ሁሉ ያለ ምክንያት ተመልሶ ፊቱ ላይ ይገኛል።

ምን ማለት ነው ሲባል ብዙ ሰው ሕልም ነው ብሎ ይገላገላል። ይህን መንገድ ጎጎል ራሱ ዘግቶታል። በቀደመው ረቂቅ ኮቫልዮቭ ከእንቅልፉ ሲነቃ ነበር ታሪኩ የሚያልቀው፤ ደራሲው ግን ያን መጨረሻ አውጥቶ ጣለው። እሱ የጣለውን አንስቶ መልሶ መለጠፍ ልፋቱን ከንቱ ማድረግ ነው። ወንድነትን የማጣት ፍርሃት ነው የሚሉም አሉ። ኮቫልዮቭ 200 ሺህ ሩብል ይዛ የምትመጣ ሚስት የሚፈልግ ሰው ስለሆነ ይህ መሠረት አያጣም፤ ግን አፍንጫው ለምን ሹም እንደሆነ አያስረዳም።

እኔ የማምነው ቁልፉ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ታላቁ ጴጥሮስ በ1722 የመንግሥት ሹማምንትን ደረጃ ለመወሰን ባወጣው የማዕረግ ሰንጠረዥ ላይ እንዳለ ነው። ሰንጠረዡ 14 እርከን አለው፤ ከሁሉም የሚበልጠው 1ኛው ነው። ኮቫልዮቭ 8ኛ ላይ ነው፤ በጦር ሠራዊቱ ከሻለቃ ጋር ስለሚስተካከል ራሱን ሻለቃ እያለ ያስጠራል። አፍንጫው የለበሰው ግን የ5ኛ ማዕረግ ልብስ ነው፤ ባለቤቱን በሦስት እርከን በልጦታል።

ካዛን ካቴድራል ውስጥ ሲገናኙ የሚሆነውን በዚህ ዓይን አንብቡት። ኮቫልዮቭ የገዛ አካሉን ይዞ መሄድ ሲገባው ፈራ ተባ እያለ ዙሪያውን ይሽከረከራል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ በመጨረሻ «እርስዎ እኮ የእኔ አፍንጫ ነዎት» ይለዋል። አፍንጫው የሰውዬውን የዩኒፎርም ቁልፎች ተመልክቶ የሌላ መሥሪያ ቤት ሰው ስለሆኑ ግንኙነት የለንም ብሎ ይመልሰዋል። ሳንሱር ይህን ትዕይንት ከቤተ ክርስቲያን አስወጥቶ ጎስቲኒ ድቮር ወደተባለው የገበያ አዳራሽ አዛውሮት ነበር።

የጋዜጣው ጸሐፊም የጠፋ አፍንጫ ማስታወቂያ አልቀበልም ያለው ነገሩ ስለማይሆን አይደለም፤ የጋዜጣው ስም እንዳይጠፋ ሰግቶ ነው። እንዲያውም ጠፋ የተባለ ጥቁር ውሻ የአንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ሆኖ እንደተገኘ እንደ ተራ ነገር ያወራል። በዚህ ከተማ ሁሉም የሚጨነቀው ስለ ወግና ስለ ደረጃ ነው፤ አፍንጫ እንዴት ይሄዳል ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ አፍንጫው ዳቦው ውስጥ እንዴት ገባ እያሉ ክፍሎቹን ለማገናኘት መድከም አያስፈልግም። ጎጎል የመጀመሪያውን ክፍልም ሁለተኛውንም ጭጋግ ሸፈነው ብሎ ሆን ብሎ ይቆርጣቸዋል። አፍንጫው ከተመለሰለት በኋላ ኮቫልዮቭ የሚያደርገውን ማየት ይሻላል፤ ሱቅ ገብቶ የኒሻን ጥብጣብ ይገዛል፤ ኒሻን ግን ተሸልሞ አያውቅም።