ግብ ሲገባ ብቻ ለምትነቁ ወገኖቼ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቅር ቢላችሁም እናገራለሁ።

ኳስ እንወዳለን ትላላችሁ። እሁድ ዲኤስቲቪ ቤቱ ሲሞላ በር ላይ ቆማችሁ ታያላችሁ። የአርሰናል ተከላካይ ሲጎዳ ስንት ሳምንት እንደሚያርፍ ታውቃላችሁ። ታዲያ ከንግድ ባንክ ሴቶች ቡድን የአንዷን ተከላካይ ስም ጥሩልኝ። ሎዛ አበራን እንዳትሉኝ፤ ሎዛ አጥቂ ናት። እሷንም ያወቃችኋት ግብ ስላገባች ነው።

ስለ አንዲት ህንዳዊት ተከላካይ ልንገራችሁ። አሻላታ ዴቪ ትባላለች። የተወለደችው በ1993 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) በማኒፑር ክልል ዋና ከተማ በኢምፋል ነው። ማኒፑር በህንድ ሰሜን ምሥራቅ፣ ምያንማር ድንበር ላይ ያለች ትንሽ ክልል ናት። የአገሪቱን የሴቶች ሻምፒዮና ግን ከ20 ጊዜ በላይ የወሰዱት የማኒፑር ልጆች ናቸው። ኢምፋል መሃል ነጋዴዎቹ በሙሉ ሴቶች የሆኑበት ትልቅ ገበያ አለ። እዚያ ሴት አደባባይ መዋሏ ብርቅ አይደለም።

አሻላታ ለዋናው ብሔራዊ ቡድን መጫወት የጀመረችው በ2011 ነው። ያኔ በህንድ ብሔራዊ የሴቶች ሊግ አልነበረም። ሊጉ የተጀመረው በ2016/17 ነው። ከዚያ በፊት፣ በ2015፣ ማልዲቭስ ሄዳ ለኒው ራዲያንት ተጫውታለች። ከቢሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ልጅ፣ ክለብ ፍለጋ ባሕር ተሻግራ ደሴት ላይ! እኔ ይህን ሳስብ ያመኛል።

እሷ ግን አላቆመችም። በ2019 ኔፓል ላይ አምበል ሆና ህንድ የደቡብ እስያን ዋንጫ ለአምስተኛ ተከታታይ ጊዜ ወሰደች። በዚያው ዓመት ለእስያ ምርጥ ሴት ተጫዋችነት ታጨች። ተከላካይ ሆና ለዚህ መታጨት ቀላል አይደለም።

አሁን የምነግራችሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ጥር 2022 ላይ የእስያ ዋንጫ ህንድ ውስጥ ተዘጋጀ። አሻላታ አምበል ናት። የመጀመሪያው ጨዋታ ናቪ ሙምባይ ላይ ከኢራን ጋር ነበር፤ 0 ለ 0 አለቀ። ለተከላካይ ግብ ሳይገባባት መውጣት ማለት ሥራዋን ጨረሰች ማለት ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ከታይዋን ጋር ሊጫወቱ ሲሉ ኮቪድ ቡድኑን ጣለው። ለጨዋታ ማስመዝገብ የነበረባቸው ቢያንስ 13 ተጫዋች ነው፤ አልተገኘም። ጨዋታው ቀረ። በደንቡ መሠረት ከውድድሩ እንደወጡ ተቆጠረ። የኢራኑም ውጤት ተሰረዘ። 90 ደቂቃ ሙሉ የጠበቁት ግብ ከመዝገብ ጠፋ። በገዛ አገራቸው፣ አንድ ግብ ሳይገባባቸው፣ ተሰናበቱ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ክለቧ ጎኩላም ኬረላ ለእስያ ክለቦች ውድድር ታሽከንት ገባ። ፊፋ የህንድን ፌዴሬሽን በውጭ አካል ጣልቃ ገብነት ምክንያት ማገዱ የተሰማው ያኔ ነው። በባለሥልጣናት ጭቅጭቅ የተቀጡት ሴቶቹ ሆኑ። እገዳው ሲነሳ የእነሱ ጨዋታ ቀን አልፏል።

በጥቅምት 2024 ካትማንዱ ላይ፣ ከፓኪስታን ጋር፣ 100ኛ ዓለም አቀፍ ጨዋታዋን አደረገች። ከህንድ ሴቶች እዚያ የደረሰች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ከዚያም በ2025 ለኢስት ቤንጋል ክለብ ተጫውታ የህንድን ሊግ ዋንጫ ወሰደች።

የህንዶቹን ጥፋት ለህንዶቹ እተዋለሁ። እኔ የምጠይቀው እናንተን ነው። በ2024 ንግድ ባንክ የሴካፋን (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ) ዞን ማጣሪያ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ አሸንፎ ለአፍሪካ ሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ ሞሮኮ ሄደ። ያኔ የት ነበራችሁ? ስታዲየሙ ከሰፈራችሁ ስንት ታክሲ ነው?

ስታሸንፍ «ልጃችን!» ትላላችሁ። ስትሸነፍ «ድሮም ሴት» ትላላችሁ። ተከላካይ ስሟ የሚጠራው ስትሳሳት ነው፤ እሱም ለስድብ። ይህ ነውር ነው። ለወንድ ልጃችሁ ታኬታ ትገዛላችሁ፣ እህቱ ኳስ ስትነካ ግን «እንጀራ አይሆንሽም» ብላችሁ ወደ ጓዳ ትመልሷታላችሁ። እንጀራ እንዳይሆናት ያደረግነው እኮ እኛው ነን! ተመልካች የሌለው ሊግ ማን ስፖንሰር ያደርገዋል? ደሞዙስ ከየት ይመጣል? አሻላታን ማልዲቭስ የሰደዳት የችሎታ ማነስ አልነበረም። የምትጫወትበት ሊግ ስላላገኘች ነው። እኛ ጋ ሊጉ አለ። ባዶ ወንበር እያሳየን የምናዳክመው እኛ ነን።

ስለዚህ በሚቀጥለው የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ስታዲየም ግቡ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ግቡ፣ ወንዶቹንም ጭምር። ለአሥር ደቂቃ ያህል ኳሱን ተዉትና የመሃል ተከላካይዋን ብቻ እዩ። ለማን እንደምትጮህ፣ መስመሩን እንዴት እንደምታስተካክል፣ አጥቂዋ ሳትደርስ ቀድማ የት እንደምትቆም እዩ። ስሟን አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ። ቡድኗ ቢሸነፍም፣ ስትወጣ በስሟ ጠርታችሁ አጨብጭቡላት።