«ጎሚስታ የትም አለ» እያላችሁ ለምትመክሩ ሁሉ

ባሕር ዳር ከተማ ሜዳ ስለሆነች ሁሉም የብስክሌት አማካሪ ነው። ለብቻው ድንኳን ጭኖ ወደ ጉና ተራራ ለሚወጣ ሰው የሚሰጠው ምክር «መለዋወጫ ምን ያደርግልሃል? ጎሚስታ የትም አለ» ነው።

ጎሚስታውማ አለ! ግን ወረታን አልፎ ዳገቱ ላይ የግራር እሾህ ጎማውን ሲያስተነፍሰው፣ የጎሚስታው መንፊያ የሚነክሰው የመኪና ቫልቭ ብቻ ነው። የብዙ 29 ኢንች ብስክሌቶች ካላማዳሪ (የውስጥ ጎማ) ደግሞ ባለ ቀጭን ቫልቭ ነው። ቀጭኑን ቫልቭ ከመኪና መንፊያ ጋር የምታገጥም፣ ጥፍር የምታክል የነሐስ ማገናኛ ብትያዝ ኖሮ ነገሩ ባለቀ። ወፍራም ቫልቭ ያለው እንዳይገዛ የቸርኬው ቀዳዳ 6.5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ቫልቩ 8፤ አይገባም። «በሞረድ አስፋው» ባይ ደግሞ አይጠፋም! በሞረድ የሻከረ የቀዳዳ ጠርዝ ቫልቩን ከሥሩ ይቆርጠዋል እኮ።

የ26 ኢንች ካላማዳሪ ወጥሮ ማስገባትስ? የቸርኬዎቹ ዲያሜትር በ63 ሚሊ ሜትር ይለያያል፤ የተለጠጠው ላስቲክ ይሳሳል፣ ልጥፉም ይላቀቃል። ልጥፉ ራሱ በጥድፊያ ነው የሚሠራው፤ ማስቲሹ አምስት ደቂቃ ሳይደርቅ ይጫኑታል፣ ከዚያ «እቃው ርካሽ ነው» ይባላል።

ሁለት ካላማዳሪ፣ ማገናኛ፣ የእጅ ፓምፕ፤ ከአንድ ኪሎ አይበልጥም። የምንከራከረው ለዚህ ነው?