ለራሴ ሐኪሞች የቀረበ ምስጋና

ደሴ ላይ ኮፍያ ማውለቅ ካርድ ማውጣት ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ከተማው ላይ እስከተኛ ድረስ ማንም ሰው ኮፍያውን ደፍቶ በሰላም ይኖራል፤ የእኔም በራ ስንት ክረምት በዚህ ዘዴ ተሸሽጎ ከርሟል። የዛሬ አምስት ወር ገደማ ግን አንድ ጠዋት ፀሐይዋ በረታችና ፒያሳ መሐል ኮፍያዬን አነሣሁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወረፋ ሳልይዝ፣ ደም ሳልሰጥ፣ ምን እንደሚሰማኝ እንኳ ሳልጠየቅ ቢያንስ በ11 ሐኪሞች ታይቻለሁ። አንዳቸውም የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ውለታቸው ቢከብደኝ ይህን የምስጋና ቃል ጻፍሁ።

የመጀመሪያው የባጃጅ ሾፌር ነበር። ዕድሜው ከ22 አይበልጥም፤ የራሱ ፀጉር እንደ ጓሳ ሣር ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። በመስተዋቱ አየኝና፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሐሳብ ነው። ሐሳብ ይቀንሱ» አለኝ። ምርመራውም ትእዛዙም ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው መንገድ ተጠናቀቀ። ስወርድ ከታሪፉ ዐሥር ብር አስበልጦ ጠየቀኝና የቀነስሁትን ሐሳብ መልሶ አስታቀፈኝ።

ሁለተኛው ፀጉር አስተካካዬ ነው። እርሱ የሚከሰው ውሃውን ነው። በዚያው ውሃ ዕድሜ ልኩን የታጠበው የእርሱ ራስ ጫካ መሆኑን ብጠቁመው፣ «ውሃ ከሰው ሰው ይለያያል» ብሎ መቀሱን ቀጠለ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ፀጉሬን የበላው የደሴ ብርድ መሆኑን አረጋገጠልኝ። በሳምንቱ የሀረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስገባ የበላው ሙቀቱ ሆኖ ተገኘ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም።

ይህ ሁሉ ግን የጤና ጣቢያ ደረጃ ነው። ሪፈራል ሆስፒታሉ ጎረቤታችን እትዬ ቤት፣ ከረከቦቱ ዙሪያ ይገኛል። እዚያ ሕክምናው እንደ ቡናው በሦስት ዙር ይሰጣል። አቦል ላይ ነጭ ሽንኩርት ታዘዘልኝ። ቶና ላይ ነጭ ሽንኩርቱ ያቃጥላል ተባለና በቀይ ሽንኩርት ጭማቂ ተተካ። በረካ ላይ እትዬ እጃቸውን ራሴ ላይ አሳርፈው፣ «አብሽር ልጄ፣ ለጋ ቅቤ ያጣ ራስ ነው» ሲሉ የመጨረሻውን ውሳኔ ሰጡ። ከጥግ የተቀመጠች አንዲት ሴት ጥቁር አዝሙድ እንዳይረሳ አሳሰበች፤ ሌላዋ የጉሎ ዘይት፣ ሌላዋ ሬት፣ አንዱ ደግሞ አብሽ። ሁሉንም አንድ ላይ ብቀባ ራሴ ሊጠበስ የቀረው በርበሬ ብቻ ነበር።

እንዲያው ለፍትሕ ያህል፣ የሽንኩርቱ ነገር መሠረት የሌለው አይደለም። በ2002 በኢራቅ በጥቂት ሕመምተኞች ላይ የተደረገ አንድ አነስተኛ ጥናት አለ፤ የተሞከረው ግን በላሽ ላይ ነው። ላሽ የሰውነት መከላከያ የራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ፣ በክብ በክብ የሚያራቁት፣ ብዙ ጊዜም ራሱ መጥቶ ራሱ የሚሄድ እንግዳ ነው። የእኔ ከግንባር ተነሥቶ ወደ ኋላ ያፈገፈገው በራ ሌላ ዘር ነው። ይህን ልዩነት ለጉባኤው ባስረዳ፣ «ያው ፀጉር ፀጉር ነው» ተብዬ ሁለተኛ ሲኒ ተቀዳልኝ።

ባህላችን ጥንታዊ መሆኑንም መመስከር አለብኝ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ገደማ ግብፅ ውስጥ የተጻፈው ኤበርስ ፓፒረስ የተባለ የመድኃኒት ጥቅልል ለራሰ በራ የአንበሳ፣ የጉማሬ፣ የአዞ፣ የድመት፣ የእባብና የዱር ፍየል ጮማ ቀላቅሎ መቀባትን ያዛል። እኛ ከዚያ ወዲህ ብዙ አሻሽለናል፤ ሰኞ ገበያ የማይገኘውን ሁሉ አውጥተን ቅቤውን ብቻ አስቀርተናል።

አሁን ወደምወደው ሐኪም ልምጣ፤ ወደ ጠርሙሱ ባለቤት። ይህ ሰው አይታይም፤ በስልክ ብቻ ነው ያለው። ቅባቱን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይልካል፣ ገንዘቡን ግን በቅድሚያ ይቀበላል፤ እምነት ማለት ይህ ነው። ጠርሙሱ ላይ አንዲት ፊደል አልተጻፈችም። ምን እንደተቀላቀለ፣ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደሚበላሽ የሚናገር ወረቀት ቢለጠፍበት ኖሮ የሚያድነው በሽታ ብዛት ይወሰን ነበር። ባዶ ጠርሙስ ላይ ግን ሁሉም ይጻፋል፦ ፀጉር ያበቅላል፣ ፎረፎር ያጠፋል፣ ሽበት ይመልሳል፣ እንቅልፍ ይሰጣል። በ21 ቀን ደግሞ! ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ እንደሚያድግ የሚያወሩትን ቅናተኞች አትስሙ። ፎቶግራፎቹንም አይቻለሁ። «ከመቀባቱ በፊት» የተባለው ሰው ራሱን ደፍቶ ከአምፖል ሥር ቆሟል፤ «ከተቀባ በኋላ» የተባለው ቀና ብሎ ጥላ ውስጥ ይስቃል። ጆሯቸው አይመሳሰልም፤ ቅባቱ ጆሮም ሳይቀይር አይቀርም።

ገዛሁ፤ ምን ልዋሽ? ከፍቼ ሳሸተው የጥብስ ቅጠል ነው። ለሦስት ሳምንት ራሴን ይዤ በሄድሁበት ሁሉ ሰው ምሳው ትዝ ይለው ነበር። ሻጩን ብጠይቀው፣ «የውጭ ሳይንቲስቶች አረጋግጠዋል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በ2015 የታተመ አንድ ጥናት 100 ወንዶችን ለሁለት ከፍሎ የጥብስ ቅጠል ዘይትን 2 በመቶ ከሆነው፣ ሚኖክሲዲል ከተባለ የሚቀባ የራሰ በራ መድኃኒት ጋር አነጻጽሮ ተቀራራቢ ውጤት አግኝቷል። በሦስተኛው ወር ግን ሁለቱም ቡድኖች የሚታይ ለውጥ አልነበራቸውም፤ ለውጡ የመጣው በስድስተኛው ወር ነው። የጠርሙሱ ባለቤት ቅጠሉን አስታውሶ ስድስቱን ወር ረሳ። ሰው ሁሉን አያስታውስም።

ከሁሉ ያሳዘነችኝ እውነተኛዋ ሐኪም ናት። የቆዳ ሐኪም ናት ተብዬ በብዙ ጉትጎታ ሄድሁ። ሴትዮዋ ምንም አታውቅም መሰለኝ፣ ጥያቄ ብቻ ነው የምታበዛው። መቼ ጀመረ? አባትህስ? የእናትህ ወንድሞችስ? በቅርቡ ከባድ ትኩሳት ነበረህ? የምትወስደው መድኃኒት አለ? ክብደት ቀንሰሃል? በማጉያ መነጽር አየች፣ ጥቂት ፀጉር በጣቷ ይዛ ሳብ አደረገች፣ ጻፈች። የባጃጁ ልጅ በመስተዋት የጨረሰውን ሥራ እርሷ ግማሽ ሰዓት ፈጀችበት።

የነገረችኝም ሁሉ ገበያ የሚያበላሽ ነው። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፉ ጤናማ መሆኑን ነገረችኝ፤ እኔ ትራሴ ላይ እየቆጠርሁ ስንት ሌሊት አዝኛለሁ! የእኔ በዘር የመጣ ነው፤ ቴስቶስትሮን ከተባለው ሆርሞን የሚሠራው ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን የፀጉሩን ሥር ዓመት ከዓመት እያኮሰሰው ፀጉሩ እየቀጠነና እያጠረ ይሄዳል። ውሃውንም፣ ብርዱንም፣ ሙቀቱንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ነጻ አወጣቻቸው።

ያለ ቀዶ ጥገና ምን አለ ብላት ሁለት ነገር ጠራች። ሚኖክሲዲል በመጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር፤ የሚወስዱት ሰዎች ያልጠበቁት ቦታ ሁሉ ፀጉር ሲያበቅሉ ጊዜ የሚቀባው ተሠራና በ1988 አሜሪካ ውስጥ ለራሰ በራ ተፈቀደ። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ሚሊ ሊትር፣ ደረቅ ራስ ላይ። ፊናስቴራይድ ደግሞ ለፕሮስቴት ዕጢ የተሠራ ክኒን ሲሆን በ1 ሚሊ ግራም መጠኑ ከ1997 ጀምሮ ለወንዶች ፀጉር ይሰጣል፤ ሆርሞኑ እንዳይለወጥ ያግዳል። በጥቂት ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎትን እንደሚቀንስ፣ ነፍሰ ጡር ሴትም የተሰበረውን ክኒን በእጇ መንካት እንደሌለባት ሳልጠይቃት ነገረችኝ። የጠርሙሱ ባለቤት እንዲህ ያለ ስሕተት ፈጽሞ አይሠራም።

ይህም ሳይበቃት፣ ውጤቱ ከአራት እስከ ስድስት ወር እንደሚፈጅ፣ ሚኖክሲዲሉን ስጀምር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉሬ ይበልጥ ሊረግፍ እንደሚችል፣ ካቆምሁት ደግሞ ያገኘሁት ሁሉ በወራት ውስጥ እንደሚሄድ አስጠነቀቀችኝ። ይህን ለቡናው ጉባኤ ሳቀርብ አንዱ፣ «ዕድሜ ልክ? ይሄማ ኒካሕ ነው!» አለ። ሌላው ባዮቲን ስለተባለው የቫይታሚን ክኒን ጠየቀኝ። እጥረት ለሌለበት ሰው ፀጉር ማብቀሉ እንዳልተረጋገጠ፣ በብዛት ሲወሰድም የታይሮይድና የልብ የደም ምርመራን እንደሚያዛባ ሐኪሟ ነግራኝ ነበር፤ ብናገርም የሰማኝ የለም። ከክንድ ደም ቀድቶ፣ በመሣሪያ አሽከርክሮ፣ ራስ ላይ መልሶ ስለመውጋትም ተነሣ። አንዳንዱን ይረዳል፣ አንዳንዱን አይረዳም፣ ኪስን ግን ሁልጊዜ ያቀልላል።

አንድ ወዳጄን ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ነው። ይህ ሰው ከእኔ አስቀድሞ ሚኖክሲዲል ጀምሮ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ፀጉሩ ሲረግፍ ጊዜ ብልቃጡን ወርውሮ ከሸዋ በር እስከ ሆጤ «መድኃኒቱ ነው የጨረሰኝ» እያለ ሰበከ። የሚረግፈው አሮጌው ፀጉር ለአዲሱ ቦታ እየለቀቀ መሆኑን ለማየት የቀረው ሁለትና ሦስት ወር ነበር። በእርሱ ምስክርነት ስንት ሰው ወደ ቅቤው እንደተመለሰ ቤት ይቁጠረው። በአንጻሩ አንዲት ዘመዳችን ከወለደች በሦስተኛው ወር ፀጉሯ በእፍኝ በእፍኝ ወረደ። እንዲህ ያለው ከወሊድ በኋላ የሚመጣ መርገፍ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ቆሞ በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ የእርሷም ተመለሰ። ምስጋናውን ግን በዚያ ሰሞን የቀባችው ቅባት ወሰደ፤ ዛሬ እርሷም ሻጭ ናት።

የሹሩባ ሠሪዎቻችንም እጅ ይባረክ። ለበዓልና ለሠርግ የሕፃናቱን ፀጉር ቅንድባቸው እስኪነሣ ጠበቅ አድርገው ይጎነጉናሉ፤ ልጅቷ ስታለቅስ፣ «ቁንጅና ያማል» ይባላል። በጊዜ ከላላ ይመለሳል። ዓመታት ሲሳብ የኖረ የግንባር ዳር ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና ያን ጊዜ ሚኖክሲዲሉም፣ ጠርሙሱም፣ ቅቤውም እኩል ናቸው። ራሱ የተላላጠውን የጎረቤት ልጅ ቤንዚን የቀቡትንም አልረሳሁም። ቆረቆር ፈንገስ ነው፤ ከፀጉሩ ሥር ስለሚገባ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል፤ በአንድ መላጫም ከራስ ራስ ይሻገራል። ልጁ ሳምንት ሙሉ ጮኸ። በዚህኛው ላይ የማመሰግንበት ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

እኔ አሁን ሚኖክሲዲሉን ከጀመርሁ አራተኛ ወር ላይ ነኝ። ጠዋትና ማታ እቀባለሁ፤ አናቴ ላይ እንደ ጫጩት ላባ ያለ ነገር ብቅ ብሏል፤ ለማንም አልተናገርሁም። እትዬ ግን ዐይተው፣ «አላልሁህም? ቅቤው ነው» ብለዋል። ቅቤውን አልተቀባሁትም፤ በቂንጬ በልቼዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እትዬ ቤት አንድ ከወልድያ የመጣ እንግዳ ነበር። አቦል ሊቀዳ ሲል ሞቀውና ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረው። ጀበናው አየር ላይ ቆመ። ሰው ሁሉ ጉሮሮውን ጠራረገ። የሐኪሟ ቃል አንድ በአንድ ትዝ አለኝ፤ ጥያቄዎቿ፣ ማጉያዋ፣ ትዕግሥቷ። ሌላው ሳይቀድመኝ ወደ ሰውዬው ጠጋ አልሁና፣ «ወንድሜ» አልሁት፣ «ለመሆኑ የምትታጠበው በምን ውሃ ነው?»