ደንገጎን በመስኮት አትለፉት

ድሬዳዋ በአውሮፕላን የገባ እንግዳ ሻንጣውን ሚኒባስ ላይ ይጭንና ወደ ሐረር ይገሰግሳል። ጀጎልን ይዞራል፣ ማታ ጅብ ሲበላ ያያል፣ በነጋታው ይመለሳል። መሀል ላይ ያለውን የደንገጎን ዳገት የሚያስታውሰው ሆዱን ባገላበጠው ጥምዝ ነው። ለኔ ግን የጉዞው ምርጥ ነገር ከዚያ ጥምዝ ማዶ ያለው የእግር መንገድ ነው። ለተራራ ብስክሌት የተሠራ ይመስላል።

ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደንገጎ አናቱ ከ2,000 ያልፋል። በአንድ ጠዋት ከግራርና ከቁልቋል ተነስተህ የማሽላና የጫት እርከን ላይ ትደርሳለህ። ታች በካናቴራ የጀመርክ፣ ላይ ጃኬት ያምርሃል። አገር አቋራጭ የሚባለው የተራራ ብስክሌት ውድድር ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ዳገቱንም በራስህ ጉልበት፣ ቁልቁለቱንም በራስህ ፍሬን። እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ ኦሎምፒክ የገባ ስፖርት ነው።

የተራራ ብስክሌት ሲባል ደን ውስጥ መንዳት ለሚመስላችሁ አልዋሽም፤ ጥቅጥቅ ያለ ደን የለንም። ያለን ቁጥቋጦ፣ እሾህና ድንጋይ ነው። የግራር እሾህ ደግሞ ጎማ አይምርም። ትርፍ የውስጥ ጎማ ሳይዝ የወጣ ሰው ብስክሌቱን እየገፋ ጎሚስታ ፍለጋ ይወርዳል። ደርሶብኛል።

እዚህ የብስክሌት መስመር ይኑር የሚለውን ሐሳብ ሳነሳ ብዙ ሰው «መጀመሪያ መንገዱ ይሠራ» ይለኛል። አቦ፣ ተዉት! ዶዘር የገባበት ቀን ነገሩ አበቃ። ይህ ተዳፋት አፈሩን የያዘው ገበሬው በደረደረው ድንጋይ ነው። ቁልቁል ቀጥ ብሎ የወረደ የጎማ መስመር በአንድ ክረምት ቦረቦር ይሆናል። የድሮው የእግር መንገድ ግን ዳገቱን አግድም እየቆረጠ ነው የሚወጣው። የቀየሱት ሰዎች መሐንዲስ አልነበሩም፤ ሸክም ተሸክመው ስለሚሄዱ ነው ያወቁት። የሚያስፈልገው ድንጋይ ላይ የተቀባ ምልክትና መንገዱን የሚያውቅ የሠፈሩ ልጅ ነው። ለልጁም ይከፈለው።

ስለ ደረቁ ወንዝ አሸዋ ደግሞ ልናገር። እዚያ ውስጥ መንዳት ደስ ይላል፤ ሰፊ ነው፣ ጥላም አለው። ግን ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ላይ ደጋው ላይ ይዘንባል፣ ጎርፉም ሳታስበው ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። የድሬ ልጅ ይህን አይረሳም፤ እንግዳው ግን ማን ይነግረዋል? ስለዚህ በክረምት ወንዝ ውስጥ የሚገባ መስመር አይኑር። በበጋም ቢሆን ደመና ላዩ ላይ ከታየ ወደ ዳር መውጣት ነው።

ሌላው የመንገዱ ባለቤት ጉዳይ ነው። በማለዳ ወተትና እንጨት ይዘው ድሬ ወዳለው ቀፊራ ገበያ የሚወርዱ እናቶች አሉ። አህያ አለ፣ ግመል አለ። እኔ አንድ ቀን ጥምዝ ላይ ከግመል ጋር ተፋጥጬ ቁልቋል ውስጥ ገብቻለሁ። እሾሁን ስንለቅም የግመሉ ባለቤት «ዋርያ፣ ደወል የለህም?» አለኝ። አልነበረኝም።

አሁን አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ማርሽ ያለው ብስክሌት ያለው ይምጣ፣ ፀሐይ ሳትበረታ እንወጣለን። ስንወርድ ግን ሸክም የያዘች እናት ካየን ከብስክሌት ወርደን፣ ዳር ይዘን፣ እስክታልፍ እንቆማለን።