ማዕረግ ያለው ድንጋይ

ጅማ ውስጥ እንቅፋት የመታው ሰው ብቻውን አይጮህም። ጥፍሩ ገና ደም ሳይቋጥር ከግራም ከቀኝም «እኔን!» ይዘንብበታል። ሱቅ ደጃፍ የቆመው «እኔን ወንድሜን!»፣ ጫት የምትሸጠዋ «እኔን ልጄን!»፣ ከባጃጅ ውስጥ አንገታቸውን ያወጡት አዛውንት «እኔን ይምታኝ!»። ከነዚህ ሁሉ መሃል ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ያነሳ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ደግሞም ጸሎታቸው ይሰማል። «እኔን» ያለው ሁሉ በማግስቱ በዚያው ሲያልፍ ተራው ይደርሰዋል።

ሄርማታ አካባቢ አንድ የታወቀ እንቅፋት አለ። ትውልዱ ኮብልስቶን ነው። የጅማ ዝናብ እንደምታውቁት መዝነብ ከጀመረ ማቆሚያው ይጠፋዋል፤ የዚህንም ሥር ቦርቡሮ ቦርቡሮ ከጓደኞቹ መሃል አንገቱን ብቅ አደረገው። እንደወጣም ቀረ።

መንገድ ላይ ሳለ ተራ እንቅፋት ነው። በኦሮምኛ ጉፉ ስለሚባል የሰፈሩ ሰው አንዴ ተደናቅፎ በሁለት ቋንቋ ይራገማል። ስብሰባ ላይ ሲነሳ ግን (የሚነሳው ጉዳዩ ነው፣ ድንጋዩማ ምን ሲደረግ!) ስሙ «ተግዳሮት» ይሆናል። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት «ማነቆ» ተብሎ ይጻፋል። ድንጋይ እግር ይመታል እንጂ መቼ አንገት ያንቃል ብሎ የሚጠይቅ የለም። የዓመቱ መዝጊያ ላይ ድምፁ ጎላ ያለ ተናጋሪ ከተገኘ ደግሞ «የእድገታችን ጋሬጣ» ይባላል። ጋሬጣ እሾህ መሆኑን የሚያውቅ ገበሬ አዳራሹ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ባርኔጣውን አፉ ላይ አድርጎ ይስቅ ነበር። ካለበት ሳይነቃነቅ እንዲህ በማዕረግ ላይ ማዕረግ የደረበ ሌላ ፍጡር አላውቅም። ኧረ አውቃለሁ፤ ግን ወደ ድንጋዩ እንመለስ።

የሰፈሩ እናቶች በበኩላቸው ነገሩን «ደንቃራ ነው» ብለው ዘግተውታል። አንዱ ምቀኛ አስደግሞ ያስቀበረው እንጂ ድንጋይ ብቻውንማ እንዲህ አይጨክንም ባዮች ናቸው። ደንቃራ ከሆነ ደግሞ ማን ደፍሮ እጁን ይሰዳል? ወጣቶቹ በደንቃራ ይስቃሉ፤ አንዱን ሲመታው ግን መጀመሪያ የሚጠይቁት «ቀኝህን ነው ግራህን?» ብለው ነው። ቀኙን ሲመታው የሚቀናው አለ፣ ግራው ገድ የሆነለት አለ፣ ሁለቱም ተመትተው ምንም ያልቀናቸው ደግሞ እኔ ዘንድ ብዙ ናቸው።

በሃይማኖት በኩል ሰበብ የለንም። መጽሐፍ ቅዱሱ «በዕውር ፊት ዕንቅፋት አታድርግ» ይላል። በነቢዩ መሐመድ ሐዲስም ሰውን የሚያስቸግር ነገር ከመንገድ ላይ ማንሳት ሰደቃ ነው። ሁለቱንም አሳምሮ የሚጠቅስ ሰው እዚያው ድንጋይ አጠገብ ቆሞ፣ አንድ እግሩን ድንጋዩ ላይ አሳርፎ፣ ስለ ሰደቃ ሲያስረዳኝ ሰምቼዋለሁ። ጥሩ አስተማሪ ነው፣ አይካድም።

አንዳንዱ ደግሞ ታሪክ ይጠቅሳል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከአፄ ምኒልክ ጋር ከመዋጋት ይልቅ መገበርን መርጠው አገራቸውን ከጦርነት አድነዋል፤ እኛም ከጂሬን ቤተ መንግሥታቸው የወረስነው ጥበብ ዞሮ ማለፍ ነው ይላል። ልዩነቱ እሳቸው የዞሩት የምኒልክን ጦር መሆኑ ነው። የእኛው ሁለት መዳፍ የማይሞላ ኮብልስቶን ነው።

እውነቱን ለመናገር ድንጋዩ ደጋፊ አለው። ፊት ለፊቱ ጀበና የጣደችው እመቤት ደንበኞቿን የምታገኘው በእሱ ነው። ተመትቶ የሚያነክስ ሰው የት ይሄዳል? ባለ ሦስት እግሯን በርጩማ ትስብለታለች፣ «እኔን» ትለዋለች፣ ሲኒውን ትሞላለች። ቁስሉን እያሻሸ አንድ ቡና ጠጥቶ የተነሳም የለም፤ ሁለተኛውን ይደግማል። ባጃጆቹም «እንቅፋቱ ጋ ወራጅ አለ!» ሲባሉ ሳያቅማሙ ይቆማሉ። ቤት የሚያከራይ ደላላም ሳይቀር «ከእንቅፋቱ ገባ ብሎ» እያለ አድራሻ ይሰጣል።

በቅርቡ አንድ ከሌላ ሰፈር የመጣ ጎረምሳ ነገሩ ከነከነውና ዶማ ይዞ መጣ። እመቤቲቱ ጀበናዋን አስቀምጣ ተነሳች። «ተው ልጄ፣ ሰው በምን ያገኘኛል?» አለችው። ባጃጅ ነጂው «እኛስ የት እናውርድ?» አለ። ያ የሰደቃው አስተማሪ እንኳ «ቀስ ብሎ በኮሚቴ ቢታይ» ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ጎረምሳው ግራ ገብቶት ዶማውን ግድግዳ አስደግፎ ቡና አዘዘ።

ዶማውን እስካሁን አልወሰደውም። ከትናንት ወዲያ ድንጋዩ አንዲት ሴትዮ አደናቅፏል፤ ሰፈሩ ሁሉ «እኔን!» ብሏታል።