ከዚያው ወደዚያው

ኢትዮጵያዊ ሆኖ እንግሊዝ አገር መኖር አንድ ተከፍሎ የማያልቅ ዕዳ አለበት። ሯጭ ነህ ተብሎ ይታሰባል። "አገርህ የት ነው?" ይሉሃል። "ኢትዮጵያ" ስትል ዓይናቸው ወዲያው ወደ እግርህ ይወርዳል።

ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ አሰላ አካባቢ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። የእኔ ትምህርት ቤት ከአጥራችን ማዶ ነበር። አረፍድ ነበር። በሕይወቴ ከልቤ የሮጥኩት ለታክሲ ብቻ ነው። ሜክሲኮ፣ ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት፣ ሚኒባሱ ገና ሳይቆም በሩን ለመያዝ። ክርን አስቀድሞ። በዚያ ውድድር ማንም አይችለኝም ነበር፤ ኦሊምፒክ ውስጥ ግን የለም።

ይህን ሁሉ ለሥራ ባልደረባዬ ነገርኩት። ትሕትና መሰለው። "ደግሞ ከፍታ ላይ ያደገ ሳንባ አለህ" አለኝ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን አንብቧል። እኔ ግን ለንደን ከገባሁ 11 ዓመቴ ነው። ሳንባዬም አብሮኝ ፓስፖርት ቀይሯል።

እናም በነሐሴ አንድ ቅዳሜ ራሴን ኤሴክስ፣ መርዚ ደሴት ላይ አገኘሁት። ከኮልቼስተር በስተደቡብ ነው። ደሴቱን ከዋናው ምድር የሚያገናኘው ስትሩድ የሚባል አንድ መንገድ ብቻ ነው። መጀመሪያ የተሠራው በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ሲሆን ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ ባሕሩ ከፍ ብሎ አንዳንዴ ይውጠዋል። ይህን ሁሉ ዘመን ኖረውበት ከፍ አድርገው አልሠሩትም። ሰዓቱን የሚነግር ሠንጠረዥ ግን አትመዋል። እንግሊዝ ማለት ይኸው ነው።

ሩጫው ደሴቱን መዞር ነው፤ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ። አምስት ሆነን ተነሣን። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አራት ሆነው ሄዱ።

መንገዱ ያምራል፣ መቼም እውነት መናገር ነው። የምትሮጠው ባሕሩን ለመከላከል በተሠራ የአፈር ግድብ ላይ ነው። በአንድ በኩል የስንዴ ማሳ። በሌላ በኩል ጨዋማው ረግረግ፤ በእባብ ቅርጽ የሚጠማዘዙ የጭቃ ቦዮች፣ በመሃል የባሕር ላቬንደር የሚሉት ሐምራዊ አበባ። መንገዱ አንዳንዴ በሰው እርሻ መሃል ያልፋል። ሕግ ነው፣ ባለቤቱ አይከለክልህም። በሩን መልሰህ ዝጋ ብቻ ነው የሚልህ። እኛ ሰፈር ቢሆን መጀመሪያ የሚመጣው ውሻው ነው። ለነገሩ እዚህም ይመጣል። "አይዞህ፣ ሰው ይወዳል!" ትላለች ባለቤቲቱ ከሩቅ። እኔ ያደግሁት ሰው የሚወድ ውሻ በሌለበት ሰፈር ነው።

ባልደረባዬ ወደ ኋላ ተመልሶ ከረግረጉ የቆረጠውን ቅጠል ሰጠኝ። ሳምፋየር ይባላል። አኘክሁት፤ ጨው የበዛበት ጎመን ነው። ከአፋር ጨው በግመል ተጭኖ፣ አሞሌ ሆኖ፣ እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት የነበረ ሕዝብ ልጅ ነኝ። እዚህ ጨው እንደ አረም ይበቅላል። ሲጨርሱ ኦይስተር የሚሉትን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ሊበሉ ነው፤ የደሴቱ ኩራት ነው፣ በሕይወት እያለ ይዋጣል። ዘግናኝ ነው ልል ብዬ ጥሬ ሥጋ ትዝ አለኝና አፌን ያዝኩ።

ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። ስልክ ሲመጣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

"ምን ሆነህ ነው የምታለከልከው?"

"እየሮጥኩ ነው እማዬ።"

"ማን አባረረህ?"

"ማንም። እንዲያው ለጤና።"

"ከየት ወዴት?"

"ደሴቱን ዞሬ ወደ ተነሣሁበት።"

ዝም አለች። "ልጄ፣ ተመልሰህ እዚያው ልትመጣ ከሆነ፣ እዚያው ቁጭ አትልም ነበር?"

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ስልኩን ስዘጋ የእናቴ እኩያ የሆነች ሴት በሩጫ አለፈችኝ። "ዛሬ ቀላል ልምምድ ነው?" አለችኝ በአክብሮት። "አዎ፣ ትናንት ከባድ ነበር" አልኳት። ከባድ የነበረው እራቱ ነው።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ቀስ ማለቴን ማንም እንደ ድክመት አላየውም። ዘዴ ነው ብለዋል። ባልደረባዬ የሲድኒን ኦሊምፒክ ያስታውሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በመጨረሻዎቹ ሜትሮች በ0.09 ሰከንድ የቀደመበትን። አራቱም በየግማሽ ሰዓቱ ዞር እያሉ ያዩኛል። ይፈሩኛል! "ለመጨረሻው እያጠራቀመ ነው" ሲል ሰምቼዋለሁ።

ልንጨርስ ስንል ደመና ሳይሆን ባሕሩ መጣ። ጠዋት ጭቃ የነበረው ሁሉ ውኃ ሆኗል። ማታ ተረኛ ነኝ፣ ወደ ለንደን መመለስ አለብኝ። ባልደረባዬ ሰዓቱን አየና "መንገዱ ሳይዘጋ የሚያልፈው አውቶቡስ ይኸኛው ነው፤ ቀጣዩ ባሕሩ እስኪሸሽ ይቆያል" አለ።

ቀና ስል አውቶቡሱ ከጥግ ብቅ አለ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ሜክሲኮ ታየኝ። ክርኔ ራሱን አስቀደመ። አራቱን አለፍኳቸው። የእናቴን እኩያ አለፍኳት። አንድ ሰው የሚወድ ውሻ ሊከተለኝ ሞክሮ ተወው። አውቶቡሱ ሳይቆም እጄ በሩ ላይ ነበር። ሾፌሩ ደንግጦ "ቀስ በል ወንድሜ፣ ጥዬህ አልሄድም" አለኝ። ከኋላዬ የተሰለፈ ሰው አልነበረም።

በመስኮት ሳይ አራቱም ያጨበጭባሉ። ባልደረባዬ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ "አላልኳችሁም?" ይላል።

ስትሩድ ላይ ውኃው የአስፋልቱን ጠርዝ ሲልስ፣ ስልኬ ጮኸ። ባልደረባዬ ነው። ማራቶን አስመዝግቦኛል።