ከጨለማ ጋር ለመላመዳችን የቀረበ ሙገሳ

የአዲስ አበባ ነዋሪ መብራት ሲጠፋ የሚያሳየው ጨዋነት እስከ ዛሬ ተገቢውን ሙገሳ አለማግኘቱ ያስቆጨኛል። ሌላው ሕዝብ ቢሆን ይቆጣል፤ እኛ ግን ወደ መስኮት ሄደን መጋረጃውን ገለጥ እናደርግና ፊት ለፊት ያለውን ብሎክ እናያለን፤ እዚያም ጨለማ ከሆነ «የሁሉም ነው» ብለን ተረጋግተን እንመለሳለን። የመብራት ኃይልን ስልክ ቁጥር የምንፈልገው የጎረቤት አምፖል በርቶ ካየን ብቻ ነው፤ የምንደውለው የእኛ እንዲመጣ ይሁን የእነርሱ እንዲሄድ ግን እስካሁን አልተጣራም።

ሮበርት ዛየንስ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች ትርጉማቸውን የማያውቋቸውን ቃላትና ቻይንኛ መሰል ፊደላት ደጋግመው ባዩ ቁጥር «ደግ ነገር ማለት ሳይሆን አይቀርም» ወደ ማለት እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። ትልቁ ድግግሞሽ 25 ጊዜ ነበር። በእኛ ሰፈር ይህ ለአንድ ክረምት እንኳ አይበቃም። ደግሞም «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ያለ ሕዝብ ለዚህ ቤተ ሙከራ አላስፈለገውም።

የልምዱን ጥልቀት ለማየት ምጣድ አጠገብ መቆም ይበቃል። ባለፈው ቅዳሜ እኅቴ ሦስተኛውን ሊጥ ምጣዱ ላይ አዙራ ክዳኑን እንደ ከደነች መብራቱ ሄደ። እጇን ክዳኑ ላይ አሳርፋ፣ ሙቀቱን እየለካች፣ የታመመ ልጅ እንደምታስታምም እናት ዝም ብላ ቆመች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲመጣ የሰፈሩ ልጆች «መጣ!» ብለው ጮኹ፤ እርሷም ጠርዙ ደርቆ መካከሉ ዓይን ሳያወጣ የቀረውን እንጀራ ለፍርፍር ለይታ እያስቀመጠች «ተመስገን፣ ዛሬስ ቶሎ መጣ» አለች። ቅር የተሰኘሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ገና አልሠለጠንኩም መሰለኝ።

በ2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃ አንሶ መብራት በፈረቃ በሆነ ጊዜ ያማረርን ሰዎች እንኳ ዛሬ ያንን ወቅት በናፍቆት እናነሣዋለን፤ ቢያንስ የሚጠፋበት ሰዓት ይነገር ነበርና።

በዚህ ሳምንት ግን ሦስት ቀን ሙሉ ሳይጠፋ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ማለዳ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ፣ ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ፣ በሬን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ደኅና ነው? ምን ሊያመጡብን ነው?»